በገጠር ዞን የተከላካይ ጠበቃ ጽሕፈት ቤት ለምትከፍቱ

ተከላካይ ጠበቃ ሆናችሁ ወደ ገጠር ዞን ስትመደቡ መጀመሪያ የምትረከቡት በፍርድ ቤቱ ግቢ ጥግ ያለች አንዲት ክፍል፣ ሁለት ወንበርና እግሩ የሚወዛወዝ ጠረጴዛ ነው። ፈርማችሁ ተረከቡ፤ ሥራው ግን እዚያች ክፍል ውስጥ የለም። የገጠር ሰው የወንጀል ጉዳይ በአብዛኛው የሚያልቀው ችሎት ሳይደርስ ነው፤ ፖሊስ ጣቢያ ቃሉን በሰጠበት ሌሊትና ቀበሌው ውስጥ ምስክር በተቆጠረበት ቀን። ዳኛው «አቅም የለኝም ስላለ ተከላካይ ጠበቃ ይቁምለት» ብሎ እስኪያዝ የሚጠብቅ ጽሕፈት ቤት የሚደርሰው እህሉ ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ ነው።

ስለዚህ ምክሬ ሁሉ የሚነሳው ከአንድ ነገር ነው። ጽሕፈት ቤቱን በችሎቱ ዙሪያ ሳይሆን ወደ ፖሊስ ጣቢያውና ወደ ማረሚያ ቤቱ በሚደረግ ጉዞ ዙሪያ አደራጁት። እኔ የሠራሁት በአማራ ክልል ገጠር ዞኖች ስለሆነ ምሳሌዎቼ ከዚያ ናቸው፤ በሌላ ክልል ያላችሁ የመዋቅሩን ስም እየቀየራችሁ አንብቡት።

በእጃችሁ ያለው ሕግ

የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20(5) የተከሰሰ ሰው በመረጠው ጠበቃ የመወከል፣ ጠበቃ ለማቆም አቅም አጥቶ ፍትሕ ሊጓደል የሚችልበት ሁኔታ ሲያጋጥም ደግሞ ከመንግሥት ጠበቃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። የሥራችሁ መሠረት ይህ ነው፤ ክፍተቱም ያለው እዚሁ ነው። አንቀጹ የሚናገረው ስለ ተከሰሱ ሰዎች ነው። ተይዞ ገና ክስ ያልቀረበበት ገበሬ ዘንድ የመንግሥት ጠበቃ ይሂድ ብሎ በግልጽ የሚያዝ ቃል አታገኙበትም።

ሌላ በር ግን አለ። አንቀጽ 21(2) በጥበቃ ሥር ያለ ሰው ከትዳር ጓደኛው፣ ከዘመዱ፣ ከጓደኛው፣ ከሃይማኖት አማካሪው፣ ከሐኪሙና ከሕግ አማካሪው ጋር እንዲገናኝ ይፈቅዳል። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 61ም የታሰረ ሰው ጠበቃውን አስጠርቶ የማነጋገር መብት ይሰጠዋል። እነዚህን ሁለት አንቀጾች በአንድ ገጽ አስጽፉ፣ የጽሕፈት ቤቱን ማኅተም አሳርፉበት፣ ብዙ ቅጂ አባዝታችሁ በቦርሳችሁ ያዙ። የጣቢያው አዛዥ «ክስ ሳይቀርብ ጠበቃ ምን ይሠራል?» ሲላችሁ ክርክር አትግጠሙ። ወረቀቱን ስጡት፣ አንድ ቅጂም ለራሱ ያስቀር። ብዙዎቹ አዛዦች የሚፈሩት እናንተን ሳይሆን «ማን ፈቅዶ አስገባህ?» የሚላቸውን የበላይ አለቃ ነው፤ ወረቀቱ መልስ ይሆናቸዋል።

ለክልሉ ምክር ቤት ወይም ለረጂ ድርጅት የበጀት ጥያቄ ስትጽፉ ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2012 እ.ኤ.አ. ያጸደቀውን በወንጀል ፍትሕ ሥርዓት የሕግ ድጋፍ ስለማግኘት የሚደነግገውን ሰነድ ጥቀሱ። ድጋፉ ከተያዙበት ሰዓት እንጂ ከተከሰሱበት ቀን እንዳይጀምር የሚሟገት ሰነድ ነው።

ማኅተሙ የማን ነው?

የፌዴራሉ የተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤት የተቋቋመው በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሥር ነው፤ ብዙ ክልሎችም ይህንኑ ፈለግ ተከትለዋል። በወረቀት ላይ ሲታይ ችግር የለውም። በዞን ከተማ ግን ውሎ አበላችሁን የሚፈርምላችሁ ሰው ጠዋት የተከራከራችሁበት ችሎት ሰብሳቢ ሊሆን ይችላል። ዳኛ የሚመዘነው በመዝገብ ማጥራት ነው፤ እናንተም በዚያው ሚዛን ከተቀመጣችሁ የመከላከያ ምስክር ለማምጣት ቀጠሮ በጠየቃችሁ ቁጥር የራሳችሁን የሥራ አፈጻጸም ነጥብ እየቀነሳችሁ ነው።

መዋቅሩን መቀየር አትችሉ ይሆናል። ሦስት ነገር ግን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ጠይቁ፤ የራሳችሁ ማኅተም፣ በዓመቱ መጀመሪያ ተለይቶ የሚታወቅ የጉዞ በጀት፣ ችሎት ላይ በማይቀመጥ ሰው የሚሞላ የሥራ አፈጻጸም ቅጽ። ሦስቱንም በደብዳቤ ጠይቁ፣ ግልባጭ አድርጉ። መልስ ባይመጣ እንኳ የሚቀጥለው ዓመት ጥያቄያችሁ «በቀን በቁጥር በጻፍነው መሠረት» ብሎ ይጀምራል፤ በእኛ አገር ቢሮ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ደሃ ማን ነው?

የተለመደው አሠራር ከቀበሌ የድህነት ማስረጃ ማምጣት ነው። ተዉት። ታሳሪው ራሱ ሄዶ አያመጣውም። ሚስቱ እንዳትሄድ የቀበሌው ሊቀ መንበር የሟች አጎት፣ ጸሐፊው የሟች አማች ሊሆን ይችላል፤ በገጠር ይህ የተለመደ ነው። ወረቀቱ ቢገኝም የሚገኘው ቀጠሮው ካለፈ በኋላ ነው። በምትኩ ታሳሪው በቃለ መሐላ የሚሞላው አንድ ገጽ ቅጽ አዘጋጁ፤ ስንት ልጅ እንዳለው፣ መሬቱ ስንት ጥማድ እንደሆነ፣ ከዚያም ውስጥ የእኩል የሚያርሰው ስንቱ እንደሆነ፣ በሬ እንዳለው። ማንበብ ለማይችል ሰው የምታነቡለትና በአውራ ጣቱ የሚፈርምበት ይሁን።

በሬውን ከሀብት አትቁጠሩ። ሁለት በሬ ያለው ሰው ከተማ ላለ ሹም ሀብታም ይመስላል፤ በሬዎቹን ሸጦ ጠበቃ የቆመለት ገበሬ ግን በነጻ ቢለቀቅ እንኳ የሚያርስበት የለውም። መሬቱም ቢሆን በይዞታ ደብተር የተያዘ እንጂ የሚሸጥ አይደለም። መመሪያችሁ ላይ ጥንድ በሬ፣ የመኖሪያ ቤትና የእርሻ መሬት ከግምት ውጭ መሆናቸውን በግልጽ አስፍሩ፤ አለዚያ አዲስ የመጣ ጸሐፊ በገዛ ሥልጣኑ ሰው ይመልሳል።

የጣቢያው ዙር

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19(3) የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፤ ሰውየው ከተያዘበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤቱ ለመድረስ አግባብ ያለው የመንገድ ጊዜ ግን አይታሰብም። ገጠር ውስጥ ይህ የመንገድ ጊዜ እንደ ልብ ይለጠጣል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቀበሌ ከወረዳው ፍርድ ቤት በእግር ስንት ሰዓት፣ በመኪና ስንት ሰዓት እንደሆነ አንድ ሠንጠረዥ ሥሩና ግድግዳ ላይ ስቀሉት፤ ቅጂውን ለወረዳው ዳኛ ስጡ። መርማሪው «መንገዱ ርቆ ነው» ሲል ዳኛው ቀና ብሎ የሚያየው ነገር ይኑረው።

ዙሩን በገበያ ቀን አድርጉት። አንዱ ወረዳ ማክሰኞ፣ ሌላው ቅዳሜ ገበያ ከሆነ ጉዟችሁ ያንኑ ይከተል። በገበያ ቀን የታሳሪው ሚስት ስንቅ ይዛ ትመጣለች፣ ወንድሙ ይመጣል፣ ሊመሰክሩ የሚችሉ ጎረቤቶችም ጨውና በርበሬ ሊገዙ ይመጣሉ። በሌላ ቀን ሰባት ሰዓት በእግር ተጉዛችሁ የምታገኙትን ሰው በገበያ ቀን ከፍርድ ቤቱ በር ላይ ታገኙታላችሁ።

ጣቢያ ስትደርሱ የመጀመሪያ ሥራችሁ የመያዣ መዝገቡን ማየት ነው፤ የተያዘበትን ቀንና ሰዓት ከታሳሪው አፍ ከሰማችሁት ጋር አመሳክሩ። ቀጥሎ የጊዜ ቀጠሮ፣ ማለትም ፖሊስ ለምርመራ ብሎ የሚጠይቀው ተጨማሪ የእስር ጊዜ፣ አለ። በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 59 አንድ ቀጠሮ ከ14 ቀን አይበልጥም፤ ስንት ጊዜ ሊደጋገም እንደሚችል ግን ሕጉ አልወሰነም። ክርክራችሁን እዚህ ላይ አድርጉት። «ባለፈው 14 ቀን ምን ተሠራ?» ብላችሁ ጠይቁ። መርማሪው «ቀሪ ምስክር ለመቀበል» ካለ ስንት ምስክር እንደቀረና ስማቸው እንዲመዘገብ አመልክቱ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ይዞ ሲመጣ መዝገቡ ራሱ ይመሰክርበታል።

ዋስትና ላይ ሁለት ነገር ደጋግሞ ይገጥማችኋል። አንደኛው፣ የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 63 የተጎዳው ሰው ሊሞት የሚችል ከሆነ ዋስትና ይከለክላል። በዱላ ድብድብ የተጎዳ ሰው ከሳምንት በኋላ ድኖ እርሻው ላይ ቢውልም ጣቢያው «ተጎጂው በሕክምና ላይ ነው» እያለ ሊቀጥል ይችላል። ወደ ጤና ጣቢያው ወይም ሆስፒታሉ ደብዳቤ ጽፋችሁ ተጎጂው የወጣበትን ቀን የሚያሳይ ማስረጃ አምጡ። አንድ ገጽ ወረቀት ናት፤ ሰው ታስወጣለች። ሁለተኛው የክሱ ስም ነው። ከባድ የአካል ጉዳት የሚባለውን፣ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 555 የሚመለከተውን ጉዳይ፣ «የሰው መግደል ሙከራ» ብሎ መያዝ ዋስትናን ለማስቀረት ይመቻል። ቁስሉ የት ላይ እንደሆነ፣ ምቱ ስንት እንደሆነ፣ ተጠርጣሪው ማንም ሳይዘው በገዛ ፈቃዱ እንደተወ ከሐኪም ማስረጃው እያነበባችሁ ተከራከሩ። ዋሱንም ቀድማችሁ አሰናዱ፤ ገበሬ ጥሬ ገንዘብ አያገኝም፣ የደመወዝ ዋስ የሚሆን የዘመድ መምህር ወይም የግብርና ሠራተኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይጠፋም።

አንድ ነገር በተለይ አደራ እላለሁ። ፖሊስ ተጠርጣሪውን ወደ ወረዳ ፍርድ ቤት ወስዶ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 35 መሠረት የእምነት ቃል ያስመዘግባል። ዳኛው «ተገድደህ ነው?» ሲለው «አይ» ይላል፤ መዝገቡም በፈቃዱ መናገሩን ይጽፋል። ከወራት በኋላ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ላይ ይህን ቃል ማስተባበል እጅግ ከባድ ነው። ስለዚህ ደንበኛችሁን «ተገደድህ?» ብላችሁ አትጠይቁት። «ዳኛው ፊት ያመጣህ ማን ነው? እየተናገርህ ሳለ እሱ የት ቆሞ ነበር? ከዚያ በኋላ ያደርኸው የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ወደዚያው ጣቢያ ተመልሶ፣ በዚያው መርማሪ እጅ የሚያድር ሰው ለዳኛ ምን ብሎ እንደሚመልስ መገመት አያቅትም። መልሶቹን በቀን በቀኑ ጽፋችሁ ያዙ።

ደንበኛውን መስማት

መጀመሪያ አያምናችሁም፤ እውነቱንም ነው። «ጌታዬ፣ አንቱስ የመንግሥት አይደሉም?» ይላል ሽማግሌው። ያሰረው መንግሥት፣ የከሰሰው መንግሥት፣ የሚፈርደው መንግሥት፤ አሁን ደግሞ ደመወዙ ከመንግሥት የሆነ ሰው «የነገሩኝን ለማንም አልናገርም» ይለዋል። በንግግር አይታመንም። ለጠባቂው «ትንሽ ራቅ በልልን» ስትሉትና ጠባቂው ሲርቅ ያያል፤ ያን ጊዜ ያምናል። በ1990 እ.ኤ.አ. ሃቫና ላይ የጸደቁት ስለ ጠበቆች ሚና የወጡት የተባበሩት መንግሥታት መርሆዎች ጠባቂ ከእይታ ሳይርቅ ከመስሚያ ውጭ እንዲሆን ይላሉ። ማረሚያ ቤቱ ክፍል ባይኖረው ግቢው ውስጥ ዛፍ አለ፤ አግዳሚ ወንበር አስቀምጡበት።

ወደ ነገሩ ስትገቡ ሰዓትና ቀን ላይ ተጠንቀቁ። ክሱ «ኅዳር 12 ቀን ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን» ይላል። ደንበኛው ዘንድ ግን ቀን በታቦት ነው፤ 12 ሚካኤል፣ 21 ማርያም፣ 23 ጊዮርጊስ፣ 27 መድኃኔ ዓለም። «የሚካኤል ሌሊት ከአማቼ ቤት አድሬአለሁ» ሲላችሁ የትኛው ሌሊት ነው? ለአንዳንዱ የሚካኤል ሌሊት ማለት ለበዓሉ አጥቢያ፣ 11 መሽቶ 12 የሚነጋበት ነው። ለሌላው የበዓሉ ዕለት የመሸበት ነው። መርማሪው ሳይጠይቅ 12 ብሎ ይጽፋል፣ ሦስት የመከላከያ ምስክሮች ስለ 11 ምሽት ይመሰክራሉ፣ ዳኛውም «ስለ ሌላ ቀን ነው የመሰከሩት» ብሎ ይጥለዋል። «ቅዳሴ ሊሄዱ የተነሱት በማግሥቱ ነበር ወይስ ከቅዳሴ ተመልሰው ነው የሄዱት?» ብላችሁ አጥሩት። ሰዓቱንም እንዲሁ፤ «አባባ፣ በሬዎቹን ከፈቱ በኋላ ነው? ከብት ገብቷል? ላሟ ታልባለች?» በሙስሊም ቀበሌ ከሆነ ከአስር ሶላት በፊት ነው ወይስ ከመግሪብ በኋላ ብላችሁ ጠይቁ። የግድግዳ ካሌንደር ከነበዓላቱ ጠረጴዛችሁ ላይ አይታጣ።

ቀጥሎ የእምነት ክህደት ቃሉ አለ። ገበሬ ዳኛ ፊት መዋሸትን ይጸየፋል፤ ይህ መልካም ነገር ስንቱን ለእስር ዳርጓል። «ወንጀሉን ፈጽመሃል?» ሲባል «አዎ ጌታዬ፣ መትቼዋለሁ» ይላል። ሟች ጠመንጃ አቀባብሎ እንደመጣበት የሚናገረው ከተፈረደበት በኋላ ነው። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 134 እንደሚለው ተከሳሹ ያላንዳች ማመንታት ጥፋቱን ሙሉ በሙሉ ካመነ ፍርድ ቤቱ ወዲያውኑ ጥፋተኛ ሊለው ይችላል። ስለ ሕጋዊ መከላከል የሚናገረው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 78 መኖሩን የሚነግረው ከእናንተ ሌላ ሰው የለም። ክሱን ችሎት ሳይቀርብ በፊት፣ ማረሚያ ቤት ሄዳችሁ፣ ቀስ ብላችሁ አንብቡለት። «መትቼዋለሁ፣ ነገር ግን...» ካለ ከነገር ግን በኋላ ያለው ሁሉ መከላከያው ነው፤ መዝገብ ላይም እንዲሰፍር አድርጉ።

የቋንቋ ጉዳይ ችላ አይባል። በአማራ ክልል ውስጥ እንኳ ዋግ ኽምራ ላይ ኽምጣና፣ አዊ ላይ አገውኛ፣ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን አፋን ኦሮሞ የሚናገር ደንበኛ አለ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20(7) አስተርጓሚ በመንግሥት ወጪ መብቱ ነው፤ በተግባር የሚያስተረጉመው ግን ያሰረው ፖሊስ ወይም የፍርድ ቤቱ ጥበቃ ሊሆን ይችላል። ከየትምህርት ቤቱ ሁለቱን ቋንቋ የሚያውቁ መምህራንን ስም ዝርዝር ይዛችሁ ለሬጅስትራሩ አስቀድማችሁ ስጡ።

ቦታው ድረስ ሂዱ

ለሰው መግደል ክስ ቦታውን ሳያዩ መከራከር አይቻልም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 540 ተራ የሰው መግደልን ከ5 እስከ 20 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ አንቀጽ 539 ደግሞ እድሜ ልክና ሞትን ይዟል። በዚህ ሁሉ መካከል ያለው ልዩነት አንዳንዴ አንድ ምስክር ቆሜበት ነበር ባለው ቦታና ድርጊቱ በተፈጸመበት ቦታ መካከል ባለው መስክ ላይ ነው።

ወቅቱን አስቡ። ቆላ ላይ መስከረም ውስጥ ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ነው። ፖሊስ የቦታውን ንድፍ የሚያነሳው፣ እናንተም የምትደርሱት፣ የካቲት ላይ ከሆነ ማሳው ተላጭቶ ከምስክሩ ደጃፍ እስከ ወንዙ ድረስ ወለል ብሎ ይታያል። ባለማሳውን ጠይቁ፤ በዚያ ዓመት የዘራው ማሽላ ነበር ወይስ ጤፍ? ጤፍ ከነበር ምስክሩ አይቶ ይሆናል። ማሽላ ከነበር ባለማሳው ራሱ የመከላከያ ምስክራችሁ ነው፤ ከማንም ወገን ያልሆነ፣ ስለ ጠቡ ምንም የማይናገር፣ የዘራውን ብቻ የሚናገር ምስክር። ፎቶ አንሡ፣ በእርምጃ ለኩ፣ የት ቆማችሁ እንዳነሣችሁ ጻፉ።

የመከላከያ ምስክሮችን ስልክ ለመያዝ ስትሞክሩ አብዛኞቹ ስልክ የላቸውም፣ ወይም መስመር የሚገኘው ጉብታው ላይ ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ ቀበሌ መልእክት የሚያደርስ አንድ ሰው ይኑራችሁ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወይም ባለ ወፍጮው ከማንም ይሻላሉ፣ ሰው ሁሉ እነርሱ ዘንድ ይደርሳልና። ቀጠሮ ስትጠይቁ ደግሞ አጨዳና ውቂያውን፣ ወንዝ የሚሞላበትን ወር ለችሎቱ አስታውሱ። ምስክር አልቀረበም ተብሎ የመከላከል መብቱ የታለፈበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ምስክር አጥቶ ሳይሆን ድልድይ አጥቶ ነው።

እርቅ

በገጠር ከፍርድ ቤቱ ጎን ሌላ ችሎት አለ። የደም አድራቂ ሽማግሌዎች፣ ወሎ ላይ አበጋሮች፣ የሟችንና የገዳይን ወገን አስታርቀው ካሳ ያስከፍላሉ፤ ደም እንዳይመላለስ ያደርጋሉ። ይህን የሚንቅ ተከላካይ ጠበቃ ደንበኛውን ከእስር አስወጥቶ ለጥይት ይሰጠዋል።

እርቁ ለቅጣት ማቅለያ ይጠቅማል፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 መጸጸትንና ጉዳትን መካስን ከጠቅላላ የቅጣት ማቅለያዎች ይቆጥራል። አደጋው ያለው ከጊዜው ላይ ነው። «ደሙን አፍስሻለሁና ይቅር በሉኝ» የሚል የእርቅ ወረቀት ጥፋተኛ ከመባሉ በፊት ዐቃቤ ሕግ እጅ ከገባ እንደ እምነት ቃል ይነበባል። ሽማግሌዎቹን ቀድማችሁ አግኟቸው፤ ወረቀቱ ላይ ማን ገደለ የሚለው ሳይጻፍ «ሁለቱ ቤተ ዘመዶች ታርቀዋል» ተብሎ እንዲጻፍ በትሕትና ለምኗቸው። ዋናው ቅጂ ሽማግሌው ዘንድ ይቆይ፤ የጥፋተኝነት ውሳኔ ከተሰጠ፣ የቅጣት አስተያየት ስትጠየቁ ታቀርቡታላችሁ። ከታረቁ በኋላ «አላየሁም» የሚሉ የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች ይበዛሉ፤ እናንተ ግን በዚህ ውስጥ እጃችሁን አታስገቡ። ምስክር አባበለ የተባለ ጠበቃ ሁለተኛ ቆሞ አይከራከርም፣ የሌሎቹ ደንበኞቹም ጉዳይ አብሮ ይበላሻል።

ሰውና ዕቃ

ብቻችሁን አትክፈቱ፤ ቢያንስ ሁለት ጠበቃ ያስፈልጋል። ሁለት ወንድማማቾች በአንድ መዝገብ ተከስሰው አንዱ ሌላውን ሲያመለክት አንድ ጠበቃ ለሁለቱም ሊቆም አይችልም። ሁለተኛው ጠበቃ ከአንድ ጽሕፈት ቤት መሆኑም ቢሆን ከባድ ስለሆነ ከአጎራባች ዞን ጋር የመለዋወጥ ስምምነት አድርጉ። የግል ጠበቆችንም አትርሱ፤ የቀድሞው የፌዴራል ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57/1992 ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል ያዝ ነበር፣ ልማዱም አልጠፋም። የባሕር ዳርና የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች የነጻ የሕግ ድጋፍ ሥራ አላቸው፤ ለተከሳሽና ለተጎጂ ሴቶች የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አለ።

አንድ ጠበቃ ስንት መዝገብ ይያዝ? በአሜሪካ በ1973 እ.ኤ.አ. አንድ ብሔራዊ አማካሪ ኮሚሽን ለአንድ ተከላካይ ጠበቃ በዓመት ከ150 ከባድ የወንጀል መዝገብ እንዳይበልጥ መክሮ ነበር። ቁጥሩን እንዳለ አትዋሱ፤ እዚያ ምስክር በመኪና ይመጣል። የእናንተን ጣሪያ ስትወስኑ ለእያንዳንዱ የሰው መግደል መዝገብ ቢያንስ አንድ የቦታ ጉዞና ሁለት የማረሚያ ቤት ጉብኝት አስቡ፤ ከዚያ የዓመቱን የሥራ ቀን አካፍሉ።

ሦስተኛ የምትቀጥሩት የሕግ ዲግሪ የሌለው፣ መንገድ የሚችል፣ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ይሁን። ማላዊ ውስጥ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፓራሊጋሎች፣ ማለትም ጠበቃ ያልሆኑ የሕግ ረዳቶች፣ እስር ቤት ገብተው እስረኞችን ስለ ዋስትናና ስለ ችሎት ያስተምራሉ። እናንተም ማረሚያ ቤቱ ውስጥ ለሌሎች ማመልከቻ የሚጽፈውን እስረኛ ፈልጉት፤ በየማረሚያ ቤቱ አንድ አይጠፋም፣ የማንን ቀጠሮ ማን እንደረሳው ከሬጅስትራሩ በላይ ያውቃል።

ዕቃው ቀላል ነው። የሚቆለፍ ቁም ሣጥን፣ ሞተር ብስክሌት፣ ፎቶ ኮፒ፣ የሕጎቹ ቅጂና የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት የውሳኔ ቅጾች፤ ከአዋጅ ቁጥር 454/1997 ወዲህ የሰበር የሕግ ትርጉም በየትኛውም ደረጃ ያለን ፍርድ ቤት ስለሚያስገድድ ያለ እነርሱ አትውሉም። ኮምፒውተሩ ይምጣ፤ መብራት ሲጠፋ ግን የሚያዋጣው የመዝገብ ደብተሩ ነው። ዓምዶቹ የተያዘበት ቀን፣ ፍርድ ቤት የቀረበበት ቀን፣ ጠበቃ ያየው ቀን፣ የሚቀጥለው ቀጠሮ፣ የቤተሰብ መልእክት አድራሽ፣ የይግባኝ የመጨረሻ ቀን ይሁኑ። በተያዘበትና ጠበቃ ባየው መካከል ያለውን ልዩነት በየወሩ ደምሩት፤ የጽሕፈት ቤታችሁን ጥንካሬ የሚናገረው ያ ቁጥር ነው።

የከተማው ኑሮ

የዞን ከተማ ትንሽ ናት። ምሳ የሚበላበት ደህና ሆቴል አንድ ወይም ሁለት ነው፣ ዐቃቤ ሕጉም የሚበላው እዚያው ነው። ከእሱ ጋር በአንድ ትሪ ስትበሉ ያየቻችሁ የደንበኛችሁ እናት ሌላ ማስረጃ አያስፈልጋትም። ሰላምታ አይከለከልም፤ ትሪውን ግን ለዩ።

ቤተሰብ ቅቤ፣ ማርና ዶሮ ይዞ ይመጣል። መመለስ ስድብ ነው፣ መቀበል ደግሞ ከዚያ ይብሳል። «ሕጉ ይከለክለኛል፣ ከተቀበልሁ ለልጅዎ መከራከር አልችልም» በሏቸው፤ እናት ይህን ትረዳለች። ከሁሉ የከፋው በስማችሁ ገንዘብ የሚሰበስበው ጉዳይ አስፈጻሚ ነው። «ለተከላካይ ጠበቃው ይሰጥልሃል» እያለ በሬ ያሸጣል። በር ላይ ማስታወቂያ መለጠፍ ብቻውን አይበቃም፣ አብዛኛው አያነብም። በገበያ ቀን በድምፅ ማጉያ፣ ከቅዳሴ በኋላ በካህኑ፣ ከጁምዓ በኋላ በኢማሙ በኩል አገልግሎቱ ያለ ምንም ክፍያ መሆኑን አስነግሩ፤ በየወሩ ድገሙት።

ፍርድ ከተሰጠ በኋላ

ብዙ ጽሕፈት ቤት ቅጣቱ በተነበበ ዕለት መዝገቡን ይዘጋል። በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 187 መሠረት የይግባኝ ማስታወቂያ ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን፣ የይግባኝ ማመልከቻው የፍርድ ግልባጭ በደረሰ በ30 ቀን ውስጥ ይቀርባል። ተፈርዶበት ሲወጣ የሚያለቅስ ሰው ይግባኝ ይበል አይበል በዚያ ሰዓት አይወስንም፤ ስለዚህ ማስታወቂያውን በዚያው ሳምንት አስገቡ፣ ሐሳቡን ኋላ ይለውጥ። የፍርድ ግልባጩን ራሳችሁ ከመዝገብ ቤት አውጡ፤ እስረኛው በማረሚያ ቤቱ በኩል ጠይቆ እስኪደርሰው ወራት ያልፋሉ። ወደ ሌላ ማረሚያ ቤት ከተዛወረ ይግባኙ በየትኛው በኩል እንደሚላክ ለእሱም ለሚስቱም በወረቀት ጽፋችሁ ስጡ።

እናንተም ትዛወራላችሁ። ለሚተካችሁ ሰው የምታስረክቡት የመዝገብ ቁጥር ዝርዝር ብቻ ከሆነ ሁሉንም ከመጀመሪያው ይጀምራል። በየቀበሌው ያለውን የመልእክት አድራሽ ስም፣ የአስተርጓሚ መምህራኑን ዝርዝር፣ የመንገድ ሰዓት ሠንጠረዡን፣ የትኛው የጣቢያ አዛዥ ወረቀት እንደሚጠይቅና የትኛው በቃል እንደሚያስገባ ጽፋችሁ፣ ከተቻለም አንድ የገበያ ቀን አብራችሁት ተጉዛችሁ አስረክቡት።